እጁ ወደ ፌስታሉ ከመሄዱ በፊት

ምሽት ላይ የሰፈር ሱቅ ደጃፍ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ይህን ሳያይ አይመለስም። ደንበኛው «አንድ ሳሙናና አንድ ክብሪት» ይላል። ባለሱቁ ሳሙናውን ከመደርደሪያው ያወርዳል፣ ክብሪቱን ይደርብበታል፤ ከዚያ ዓይኑን እንኳ ሳያዞር እጁን ወደ ጎን ሰድዶ ሚስማር ላይ ከተንጠለጠለው እስር አንድ ፌስታል ይመዛል። በጣቱ ፈትጎ አፉን ይከፍተዋል፣ አንዴ ያራግፈዋል፣ ዕቃውን ከትቶ ያቀብላል። ደንበኛው ፌስታል አልጠየቀም፤ ባለሱቁም «ይፈልጋሉ ወይ?» አላለም። ሳሙናው የራሱ መጠቅለያ አለው፣ ክብሪቱ ኪስ ይገባል፣ የደንበኛው ቤት ከሱቁ ማዶ ነው። ፌስታሉ መንገድ እስኪያሻግር አገልግሎ ሥራው ያበቃል።

«አልፈልግም» ለማለት የነበረው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ያህል ነው፤ ባለሱቁ ክብሪቱን ካስቀመጠበት ቅጽበት ፌስታሉ እስኪራገፍ ድረስ። ከተራገፈ በኋላ እንቢ ማለት ይከብዳል። ሰውየው አንዴ ለፍቷል፣ ከኋላ ሌላ ደንበኛ ቆሟል፣ «ተወው» ማለት የተዘረጋን እጅ እንደመመለስ ይቆጠራል። ስለዚህ ብዙ ሰው የማይፈልገውን ይዞ ይሄዳል። ከሃያ ዓመታት በላይ በየአገሩ ሲወጡ የቆዩት የፌስታል ሕጎች፣ ቀረጦችና ክልከላዎች ተፍታተው ሲታዩ የሚሠሩት እነዚህ ሁለት ሰከንዶች ላይ ነው። አንዳንዶቹ የሚደንቅ ውጤት አምጥተዋል፣ አንዳንዶቹ ምንም አልፈየዱም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ በኪዮስክም ሆነ በሱፐርማርኬት ለሚገበያይ ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ባለ ሁለት ጆሮ ፌስታል የተወለደው ስዊድን ውስጥ ነው። ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ መሐንዲስ ሴሎፕላስት ለተባለ ኩባንያ ሲሠራ፣ አንድ ወጥ የፕላስቲክ ቱቦ አጥፎ፣ ጫፉን በሙቀት አጣብቆና አንገቱን ቆርጦ ማንጠልጠያ የሚያወጣበትን ዘዴ ቀየሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ቅርጹ ከላይ ሲታይ እጅጌ የሌለው ካናቴራ ይመስላል። ከላባ የቀለለ ሆኖ ከራሱ ክብደት በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ይሸከማል፣ ውኃ አያስገባም፣ ዋጋውም ከወረቀት ከረጢት በእጅጉ ያንሳል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ትልልቆቹ የአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ተቀበሉት፤ ከዚያ በኋላ ዓለምን ለመሙላት ጊዜ አልፈጀበትም።

የቱሊን ልጅ ከዓመታት በኋላ ለቢቢሲ እንደተናገረው፣ አባቱ ከረጢቱን ያሰበው ለወረቀት ከረጢት ሲባል የሚቆረጠው ዛፍ አሳስቦት ነበር። ጠንካራ ስለሆነ ሰው ደጋግሞ ይጠቀምበታል ብሎ ያምን ነበር፤ እሱ ራሱ አንድ ፌስታል አጣጥፎ ሁልጊዜ በኪሱ ይይዝ ነበር። ይህ ታሪክ ልብ ሊባል ይገባል። ፈጣሪው ፌስታሉን ያየው ከቤት ይዞት የሚወጣ ዕቃ አድርጎ ነው። በየሸመታው አዲስ እየተመዘዘ የሚሰጥ ነገር ያደረገው የዋጋው ርካሽነት ነው፤ ባለሱቁ የማይቆጥረው፣ ገዢውም የማይከፍልበት ነገር ሆነ። የማይቆጠር ነገር ደግሞ አይጠየቅም።

በኢትዮጵያ ከተሞች ፌስታል ከመብዛቱ በፊት የነበረውን ሸመታ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም ብዙ ናቸው። ገበያ የሚሄድ ሰው ከሰሌን የተሠራ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ነበር የሚወጣው። ስኳርና ቡና በጋዜጣ ወይም ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር፤ ባለሱቁ ወረቀቱን እንደ ጥሩምባ ጠምዝዞ፣ ከታች ጫፉን ቆልምሞ፣ ሞልቶ፣ ከላይ አጥፎ የሚያቀብልበት ፍጥነት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ለዘይትና ለላምባ ልጅ የሚላከው ጠርሙስ ይዞ ነው። ትንሽ ነገር የገዛች እናት የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ ትመለሳለች። ይህ ልማድ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ዛሬም የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ለመግዛት ባዶውን ይዞ መሄድ፣ ካልያዙ ደግሞ ለጠርሙሱ ማስያዣ መክፈል በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ «ጠርሙስ ይዘሃል?» ብሎ የሚጠይቀውን ባለሱቅ ማንም ክፉ ነው አይለውም። ያው ባለሱቅ ስለ ፌስታል ግን አይጠይቅም። ጠርሙሱ ዋጋ አለው፣ ፌስታሉ የለውም፤ ጥያቄውን የወለደው ዋጋው ነው።

እንቢ ማለትን የሚያከብዱት ነገሮች ቀላል አይደሉም። መጀመሪያ ይሉኝታ አለ። ፌስታል መስጠት ደንበኛን ማክበር ተደርጎ ስለሚታይ፣ አለመስጠት እንደ ንፍገት፣ አለመቀበልም እንደ ኩራት ሊተረጎም ይችላል። ከይሉኝታው በላይ የሚከብደው ግን ገበና ነው። ዳቦውን፣ ሥጋውን ወይም የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያውን ገላልጦ በጎረቤት ፊት ማለፍ ለብዙ ሰው አይዋጥም። የጥቁር ፌስታል ተፈላጊነት ከዚህ የመጣ ነው፤ ዕቃ ከመያዝ ይልቅ ዓይን ይከልላል። በሱፐርማርኬት ደግሞ ሌላ ስጋት ይጨመራል። በር ላይ ጥበቃ ቆሟል፤ ዕቃውን በእጁ ወይም በራሱ ቦርሳ ይዞ የሚወጣ ሰው «ከፍለሃል?» የሚል ዓይን ያርፍበታል። የመደብሩ ስም የታተመበት ፌስታል እንደ ይለፍ ወረቀት ያገለግላል። አንድ ሰው ለአካባቢው ተቆርቁሮ «አልፈልግም» ሊል ቢያስብ እንኳ በእነዚህ ሁሉ መካከል ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ ብዙዎች ባይሉት አይፈረድባቸውም።

ታዲያ ሰውን ምን ይለውጠዋል? ለዚህ ጥያቄ በጥንቃቄ የተሠራ መልስ የተገኘው ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች በአንዱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሜሪላንዱ ሞንትጎሞሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከጥር 2012 ጀምሮ በየመደብሩ በሚሰጥ እያንዳንዱ ከረጢት ላይ አምስት ሳንቲም ማስከፈል ጀመረ። አጎራባቿ ዋሽንግተን ዲሲ ይህንኑ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥር 2010 ጀምራ ነበር። የዲሲው ሕግ ምክንያት አናኮስቲያ የተባለው ወንዝ ነው። ከተማዋ ያስጠናችው ጥናት ወደ ወንዙ በሚገቡት ጅረቶች ከሚገኘው ቆሻሻ ግማሽ ያህሉ የፕላስቲክ ከረጢት መሆኑን አሳይቶ ነበር። ከአምስቱ ሳንቲም አራቱ ወንዙን ለማጽዳት ወደተቋቋመ ፈንድ ይገባል፣ አንዱ ለነጋዴው ይቀራል።

ታትያና ሆሞኖፍ የተባለች የኢኮኖሚ ተመራማሪ የሞንትጎሞሪው ቀረጥ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ በሱፐርማርኬቶች መውጫ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች ምን ይዘው እንደሚወጡ አስቆጠረች። ከቀረጡ በፊት ከ100 ደንበኞች 82ቱ የመደብሩን ከረጢት ይወስዱ ነበር። ከቀረጡ በኋላ 40 ብቻ። አምስት ሳንቲም፣ በዚያ አገር ማንም መንገድ ላይ ወድቆ ቢያየው ጎንበስ ብሎ የማያነሳው ገንዘብ፣ ከረጢት ይወስዱ ከነበሩት ደንበኞች ግማሽ ያህሉን መለሰ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ግኝቷ ነው። አንዳንድ መደብሮች ከዚያ ቀደም በተቃራኒው ይሠሩ ነበር፤ የራሱን ቦርሳ ይዞ ለመጣ ደንበኛ አምስት ሳንቲም ከሒሳቡ ይቀንሱለታል። ገንዘቡ ያው ነው፤ ይዞ በመጣና ሳይዝ በመጣ ሰው መካከል ያለው ልዩነትም ያው አምስት ሳንቲም ነው። ውጤቱ ግን ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። ሽልማት በሚሰጡትና በማይሰጡት መደብሮች ከረጢት የሚወስደው ሰው ብዛት ተመሳሳይ ነበር። ሰው የሚያገኘው ሳንቲም አያጓጓውም፣ ከኪሱ የሚወጣው ግን ይቆረቁረዋል ማለት ነው።

ይህን ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ነገሩን ያሳንሰዋል። ቀረጡ ሌላም ነገር አድርጓል፤ ገንዘብ ተቀባይዋን አስጠይቋል። ከረጢት ዋጋ ካለው ሳያስፈቅዱ ሒሳብ ላይ መደመር አይቻልም፤ ስለዚህ «ከረጢት ይፈልጋሉ? ስንት?» ማለት ግዴታ ሆነ። በአንድ ጊዜ የመናገር ሸክሙ ዞረ። ቀድሞ የማይፈልገው ሰው ነበር አፉን መክፈት ያለበት፤ አሁን የሚፈልገው ነው። ይሉኝታውም አብሮ ዞረ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡት የሐበሻ ሱቆችም ይህንኑ ጥያቄ ለመጠየቅ ተገደዱ፤ በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የታጠፈ ቦርሳ ማስቀመጥ በዚያ አካባቢ ላለው ቤተሰብ ተራ ነገር ሆነ።

አየርላንድ ይህን ቀድማ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 በእያንዳንዱ ፌስታል ላይ 15 የዩሮ ሳንቲም ጣለች፤ ነጋዴው ከራሱ ችሎ እንዳይከፍልም ሒሳቡ በደረሰኙ ላይ ለብቻው እንዲታይ አዘዘች። ከዚያ በፊት አንድ የአገሪቱ ነዋሪ በዓመት በአማካይ 328 ፌስታል ይጠቀም ነበር። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ 21 ወረደ። ቀስ በቀስ ሲያንሰራራ በ2007 ቀረጡ ወደ 22 ሳንቲም ከፍ ተደረገ። እንግሊዝ በጥቅምት 2015 አምስት ፔንስ ማስከፈል ስትጀምር የታየውም ተመሳሳይ ነው። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ከሕጉ በፊት ለአንድ ሰው በዓመት 140 ያህል ፌስታል ይሰጡ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ አራት ገደማ ዝቅ አለ። እስራኤል ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ በትልልቅ የምግብ መደብሮች 10 አጎሮት ታስከፍላለች። ዱባይ በሐምሌ 2022 በ25 ፊልስ ጀምራ፣ በሰኔ 2024 የአንድ ጊዜ ከረጢትን ጨርሶ ከለከለች።

ጃፓን ግን ለብቻዋ መነሳት አለባት፤ ይሉኝታ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ነገር እንዴት እንደያዘው ታሳያለችና። በጃፓን መደብር ገንዘብ ተቀባይ ዕቃን አሳምሮ መጠቅለል የመስተንግዶው አካል ነው፤ ደንበኛውም በቀጥታ «አልፈልግም» ማለቱን ሻካራ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ሱፐርማርኬቶቹ ሕግ ከመውጣቱ በፊት አንድ ብልሃት ዘየዱ፤ «ከረጢት አያስፈልገኝም» የሚል ትንሽ ካርድ በመክፈያው አጠገብ ይቀመጣል። ደንበኛው አንዱን አንስቶ ከዕቃው ጋር ቅርጫቱ ውስጥ ይጥለዋል። ገንዘብ ተቀባይዋ ካርዱን ስታይ ከረጢት አታወጣም፤ ቃል ሳይወጣ፣ ማንም ቅር ሳይለው ጉዳዩ ያልቃል። የስርቆት ጥርጣሬውንም መላ አበጅተውለታል። ያለ ከረጢት የሚወጣ ዕቃ ላይ የመደብሩ ምልክት ያለበት ቁራጭ ፕላስተር ይለጠፍበታል፤ የተከፈለበት መሆኑን ያሳያል።

ካርዱ ይሉኝታውን ቢያቀልም ብዙውን ሰው አልለወጠም ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ግን የጃፓን መንግሥት በመላው አገሪቱ ፌስታል በነጻ እንዳይሰጥ አዘዘ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴሩ ባስጠናው መሠረት፣ ከሕጉ በፊት በአንድ ሳምንት ውስጥ ምንም ፌስታል ሳይቀበል የሚያልፈው ሰው ከአሥር ሦስት ያህል ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሰባት በላይ ሆነ። የሚከፈለው በየመደብሩ ቢለያይም በአብዛኛው ሦስትና አምስት የን ብቻ ነው።

የአፍሪካና የደቡብ እስያ መንገድ ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም ችግሩ የወንዝ ውበት ብቻ አልነበረም። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1998 አብዛኛው መሬቷ በጎርፍ ሲዋጥ፣ የዳካን የውኃ መውረጃዎች የደፈነው ፌስታል ጥፋቱን ማባባሱ ታየ። በ2002 ስስ ፌስታልን በመከልከል ከዓለም ቀዳሚዋ አገር ሆነች። ሩዋንዳ በ2008 ሕግ አወጣች፤ ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ መንገደኛ ሻንጣው ውስጥ ያለውን ፌስታል አውጥቶ እንዲተው ይደረጋል። ኬንያ በነሐሴ 2017 ስታግድ ቅጣቱን እስከ አራት ዓመት እስራት ወይም እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ አደረሰችው። እገዳው ሲወጣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ካነሳቸው ማስረጃዎች አንዱ የናይሮቢ ቄራዎች ነበሩ፤ ከአንዳንድ ከብቶች ሆድ ሃያ ፌስታል ወጥቷል።

ይህን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በከተማ ዳር የሚሰማሩ ላሞችና በጎች የቆሻሻ ክምር ላይ ሲለቃቅሙ ማየት የተለመደ ነው፤ የምግብ ሽታ ያለውን ፌስታል ከነትርፍራፊው ይውጡታል። ፌስታሉ አይፈጭም፣ አያልፍም፣ ሆድ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይከማቻል፤ እንስሳው እየበላ ይከሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ዝናቡ ገና ሩብ ሰዓት ሳይዘንብ አስፋልቱ ወንዝ የሚሆንበት ቦታ አለ። ቱቦው ሲከፈት ከደለሉ ጋር ተጠቅልሎ የሚወጣው ምን እንደሆነ የሚያጸዱት ሠራተኞች ያውቁታል።

ኢትዮጵያ በሕግ ረገድ ዘግይታ አልጀመረችም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎችን የሚመለከት ገደብ አስቀምጦ ነበር። 0.03 ሚሊሜትር ከአንድ የራስ ጸጉር ይቀጥናል። ይህን ልዩነት ሱቅ ላይ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ገደቡም ለብዙ ዓመታት ከወረቀት ወደ ገበያ አልወረደም፤ ስሱ ፌስታል በየጉልቱ መራገፉን ቀጠለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ውፍረት መለካቱን ትቶ የፕላስቲክ ከረጢትን ራሱን ከልክሏል፤ የሚያመርተውንና የሚሸጠውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቀመውንም ሰው በገንዘብ ያስቀጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። በመርካቶና በሾላ «ፌስታል! ፌስታል!» እያሉ በሰው መሐል የሚሽሎከሎኩት ልጆች በዚህ ነው የሚተዳደሩት። አንዳንዱ ከገጠር መጥቶ የመጀመሪያ ሥራው ይህ ነው፤ አንድ እስር ፌስታል ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ካገኘ ነጋዴ ይሆናል። የከተማው ሸማች ፌስታልን እንቢ ሲል የሚጎዳው መጀመሪያ ይህ ልጅ ከሆነ ነገሩ ፍትሕ ይጎድለዋል። እነዚሁ ልጆች ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ጠንካራ ዘንቢልና የጨርቅ ቦርሳ ሲያዞሩ ማየት የሚቻል ነገር ነው፤ ነገር ግን የአንዱ ዘንቢል ዋጋ ከአንድ እስር ፌስታል ስለሚበልጥ መነሻ ገንዘብ ይጠይቃል። ሕጉን የሚያስፈጽመው ወገን ቅጣቱን ሲያስብ ይህንንም አብሮ ሊያስብ ይገባል።

ፌስታልን እንቢ ያለ ሰው በምትኩ የሚይዘው ነገርም ያለ ዋጋ አይመጣም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ የጥጥ ቦርሳ ለማምረት የሚለቀቀው ጋዝ ከስሱ ፌስታል ጋር እንዲመጣጠን ቢያንስ 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። በገበያ በብዛት የሚታየው ጨርቅ መሳይ የፕላስቲክ ቦርሳ 11 ጊዜ፣ የወረቀቱ ደግሞ ሦስት ጊዜ፤ የወረቀቱ ግን ሦስት ጊዜ ሳይቀደድ መቆየቱ ያጠራጥራል። ይህ ስሌት የሚለካው ከአየር ንብረት አንጻር ብቻ ነው፤ በላም ሆድና በቱቦ ውስጥ የሚደርሰውን አይቆጥርም። ቢሆንም መልእክቱ ግልጽ ነው። ቤት ውስጥ አንድ የቆየ ቦርሳ ያለው ሰው አዲስ «ለአካባቢ ተስማሚ» ቦርሳ መግዛት የለበትም። እንግሊዞች ይህን ስህተት ሠርተዋል። ቀጭኑን ፌስታል ትተው ወፍራሙን «የዕድሜ ልክ ቦርሳ» በየሸመታው መግዛት ጀመሩ፤ በ2019 የተሸጠው ከ1.5 ቢሊዮን አልፎ ለአንድ ቤተሰብ 57 ሆነ። የዕድሜ ልክ የተባለው ቦርሳ ከሳምንት በላይ አልቆየም ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ የቤት ቆሻሻ ነው። በየቤቱ ከወጥ ቤት በር ጀርባ ሌሎች ፌስታሎችን የያዘ አንድ ትልቅ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ቆሻሻ የሚወጣው በእነሱ ነው። ሬቤካ ቴይለር የተባለች ተመራማሪ በካሊፎርኒያ ከተሞች ያጠናችው ጥናት እገዳው ሲጀመር ሰው የቆሻሻ ከረጢት መግዛት እንደጀመረ አሳይቷል፤ በእገዳው ከቀነሰው ፕላስቲክ ሦስት አሥረኛ ያህሉ በዚህ መንገድ ተመልሶ ገባ። ስለዚህ ለቆሻሻ የሚሆነውን ያህል ፌስታል የሚቀበል ሰው፣ የሕጉ ቅጣት እንዳለ ሆኖ፣ ያን ያህል ጥፋተኛ አይደለም። ችግሩ ያለው በሩ ጀርባ ያለው ፌስታል ሞልቶ ሲፈስና በየቀኑ አምስት ሲጨመርበት ነው።

እንግዲህ በተግባር ምን ይደረግ? ከአየርላንድም ሆነ ከጃፓን የሚገኘው ትምህርት ለሰፈር ሱቅ ሲተረጎም የቃል ቅደም ተከተል ጉዳይ ይሆናል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ይጠራል፣ ፌስታሉ ሲወጣ ነው እንቢ የሚለው፤ ያኔ ሁለቱ ሰከንዶች አልፈዋል። «ፌስታል አታውጣ ወንድሜ፣ አንድ ሳሙና ስጠኝ» ብሎ የጀመረ ሰው ግን የባለሱቁን እጅ ከመነሻው ያስቆመዋል። ከቃልም በላይ የሚሠራው ማሳየት ነው። ዘንቢሉን ወይም ቦርሳውን ከፍቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠ ሰው ምንም መናገር ሳያስፈልገው ዕቃው በቀጥታ ይገባለታል። ሱፐርማርኬት ከሆነ ቦርሳው መታየት ያለበት ከሒሳቡ በፊት ነው፤ ደረሰኙን እስከ በር ድረስ በእጅ መያዝ የጥበቃውን ጥያቄ ሳይነሳ ይመልሰዋል።

ሽንኩርትና ድንች ሲገዛ ሻጩ ሚዛን ላይ የሚያወጣው በፌስታል ስለሆነ የራስን ከረጢት አስቀድሞ ማቀበል ያስፈልጋል፤ ከረጢቱ ጨርቅ ከሆነ ክብደቱ ስለሚጨምር ባዶውን ማስመዘን ክርክር ያስቀራል። ሥጋ ቤት ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ መሄድ መጀመሪያ ያስገርማል፤ ሥጋ ቆራጩ ግን መዝኖ መገልበጥ ብቻ ስለሆነ ሥራው ይቀልለታል። ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ይያዛል። ገበናውን ማሳየት ለማይፈልግ ሰው ያልተቀደደ የጨርቅ ቦርሳ ከጥቁር ፌስታል የተሻለ ይሸፍናል፤ ፌስታል ሲወጠር ውስጡ ያለው ያስታውቃል።

እንጀራ ላይ ሲደርስ ግን የአንድ ሸማች እንቢታ አቅም ያጥረዋል። በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ሱቁ ከመድረሱ በፊት ፌስታል ውስጥ ገብቶ ታስሯል፤ መቀበያው ላይ «አልፈልግም» ቢባል ፌስታሉ ይጣላል እንጂ አይተርፍም። እዚህ መነጋገር ያለበት ባለሱቁና ጋጋሪዋ ናቸው። ሱቁ ክዳን ያለው ትልቅ ሞሶብ ወይም ሳጥን ቢያስቀምጥ፣ ጋጋሪዋ በዚያ ብታስረክብ፣ ገዢው ደግሞ ሳህን ይዞ ቢመጣ ከአንድ ሱቅ ብቻ በቀን ብዙ ፌስታል ይቀራል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ገዢዎች ሳህን ይዘው ሲመጡ ባለሱቁ ካየ ብቻ ነው።

የሰፈር ሱቅ ከሱፐርማርኬት የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ባለሱቁ ደንበኛውን ያውቀዋል። የማን ልጅ ዱቤ እንደሚወስድ፣ ማን የትኛውን ሳሙና እንደሚመርጥ፣ ማን ዳቦ ማታ ማታ እንደሚገዛ በቃሉ ይዞታል። ስለዚህ እንቢታው በየቀኑ መደገም የለበትም። በመጀመሪያው ቀን ፌስታሉን ከመዘዘ በኋላ ይመልሰዋል፣ ትንሽም ቅር ይለዋል። በሁለተኛው እጁ ተዘርግቶ መሐል ላይ ይቆማል። ከሳምንት በኋላ እናትየዋ ከሩቅ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ሲመጡ ያያቸዋል፤ ሳሙናውን አውርዶ፣ ክብሪቱን ደርቦ፣ ሁለቱንም በእጁ እንደያዘ «እማማ፣ ዘንቢሉን ወዲህ ይበሉት» ይላቸዋል። ከኋላቸው የቆመው ወጣት ተራው ሲደርስ ባለሱቁ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ሚስማሩ ይሰድና ያቆመዋል።

«አንተስ ወንድሜ፣ ፌስታል ትፈልጋለህ?»